ከሞጆ እስከ አዋሽ፣ በየጣቢያው መስኮት

ባለፈው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ የግቢዬ በር ማጠፊያ ተሰብሮብኝ ላስበይድ ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ወዳለ ብየዳ ቤት ሄድኩ። በያጁ ሥራ በዝቶበት ስለነበር «እማማ፣ እስክጨርስ እዚያ ላይ አረፍ ይበሉ» ብሎ ግድግዳው ሥር የተጋደመ ረጅም ብረት አሳየኝ። ገና ሳልቀመጥ ሽታውን አወቅኩት። ዝገት፣ ያረጀ ዘይትና ፀሐይ ያጋለው ሬንጅ ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሽታ ነው። «ይኼ እኮ ሐዲድ ነው» አልኩት። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ሳቀ። «እንዴት አወቁ? እኛ አገር ባቡር መች መጥቶ ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሆሳዕናም ሆነች ዶዮገና፣ ሀደሮም ሆነች ሙዱላ ባቡር የሚባል ነገር በደጃቸው አልፎ አያውቅም። ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው፣ ቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጡ ሰዎች እንደገዛው፣ እነሱም ከናዝሬት ወዲያ ካለው አሮጌ መስመር የተነቀለ ነው እንዳሉት ነገረኝ። ለቤት ምሰሶ የሚያህለው የለም፣ ምስጥ አይበላውም አለ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። ማጠፊያውን ሳላስበይድ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያን ዘመን በዓመተ ምሕረት አልናገርም፤ ቁጥሩም ተምታቶብኛል። ስኳር በቀበሌ ካርድ የሚታደልበት፣ ጎረምሳ በገበያ ቀን ከቤት የማይወጣበት፣ ከወጣም በዓይኑ መኪና እየፈለገ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ኮንጎ ጫማ ከሁለት ብር አይበልጥም ነበር፤ እሱን ያደረገ ሰው ግን ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ ድንጋይ ላይ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ቴትረን ሸሚዝ ለብሶ ዶዮገና ገበያ የገባ ወንድ፣ ሴቱ ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ማርቆስን መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነው፣ ውሃ ሰማያዊ ቴትረን ለብሶ። ሸሚዙ የእሱ አልነበረም፤ ከጓደኛው ተውሶት ነው። ይህን ያወቅኩት ከተጋባን በኋላ ነው፤ እስኪበቃኝ ስቄበታለሁ። እሱም «ሸሚዙን አግብተሽ እኔን ምርቃት አገኘሽ» ይለኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እንደ አገሩ ወንድ ሁሉ ወደ መተሐራ ለአገዳ ቆረጣ ሄደ። ያኔ ከእኛ አካባቢ ያልሄደ ጎልማሳ አልነበረም። ከመስቀል በኋላ ይሄዳሉ፣ ለመስቀል ይመለሳሉ። በእኛ ዘንድ ለመስቀል ቤቱ ያልገባ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ቤቱን ከድቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም።

ያን መስቀል ማርቆስ አልገባም። በሬ ታርዶ፣ ቆጮው ተጋግሮ፣ ሰው ሁሉ እየበላ እኔ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አብሮት የሚቆርጥ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ነገረን። ማርቆስ ሒሳቡን ተቀብሎ ለበዓል ልብስ ሊገዛ በባቡር ድሬዳዋ ሄደ፤ እዚያ የጅቡቲ ልብስ ርካሽ ነው። ሲመለስ ባቡሩ ውስጥ ወባ ጣለው። «ያዩት ሰዎች ከጣቢያዎቹ በአንዱ ተሸክመው አወረዱት ብለው ነገሩኝ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቅሁም» አለ። እኔ፣ ማርቆስ በግንቦት ለጥቂት ቀን መጥቶ ሲሄድ ያረገዝኩ፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የማርቆስ ወንድም ሄዶ እንዳይፈልገው፣ መንገድ ላይ ለጦርነት ያፍሱታል ተብሎ ተፈራ። አማቴ ሸምግሏል፣ እግሩም አይችል። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሥርዓት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሆነውን አይረዳልኝም። በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ ትታ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። አህያ በከምባትኛ በዚያው ድምፅ ስለምትጀምር፣ እኔ አህያን እንኳ በስሟ አልጠራም ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ሳላስበው የስሙ ግማሽ ከአፌ ሊወጣ ሲል ምላሴን ነክሼ ደም ተፍቻለሁ። ሥርዓቱ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ፍቅርም አለበት። አማቴ ደግ ሰው ነበር። የማርቆስ እናት ስትቆጣኝ ጉሮሮውን ይጠራርግና እንሰቱ ጓሮ ይገባል፤ ያን ጊዜ እሷም ዝም ትላለች። የዚያን ሰው ስም አፌ ላይ አንከባልዬ እንዴት እጥለዋለሁ?

በተነሳሁበት ቀን ጠዋት አማቴ በዱላው ተደግፎ አጥሩ ጋ ቆመ። ፊት ለፊት አያናግረኝም ነበርና ወደ ሚስቱ ዞሮ «በያት» አላት። «እዚያ አማርኛ ተናጋሪ አገር ነው። የሰው ስም ይጠይቋታል። እዚያ ስም ስም ብቻ ነው በያት። ብትጠራኝ ቅር አይለኝም።» እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። ይህን ያለው ሊፈትነኝ መሰለኝ። ያደገች ልጅ እንደዚያ ሲሏት እሺ አትልም፤ ቢፈቅዱላትም ታከብራለች። እኔም በልቤ «ስምህን በሄድኩበት አገር ሁሉ እጠብቀዋለሁ» ብዬ ኮራሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ይህን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ተጽፎልኝ፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ፣ ከሆሳዕና በአላባና በሻሸመኔ አድርጌ ሞጆ ደረስኩ። ባቡር ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳላየው በእግሬ በኩል ተሰማኝ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ ረጅም ነገር እየጮኸ መጣና ቆመ፤ በሮቹ ሲከፈቱ የሰው ጎርፍ ወረደ። ከድሬዳዋ የሚመጡት ሴቶች አምስት ቀሚስ ደርበው ለብሰው፣ ላዩ ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ በዚያ ሙቀት እያላቡ «ምንም አልያዝኩም፣ ራሴ ነኝ» እያሉ ከፈታሾች ጋር ይከራከራሉ። ያን ያህል ጭንቀት ተሸክሜ ሳቄ መጣ። ከጣቢያው ሻይ ቤት ራዲዮ የፍቅር ዘፈን ይሰማል፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም። ልጃገረዶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው ሐዲዱ ዳር ይንሸራሸራሉ። ዓለም እንዲህ ሰፊ ኖሯል አልኩ፤ ሰው በውስጧ ቢጠፋ ምን ይደንቃል።

ቲኬት በሚቆረጥበት መስኮት ላለው ሰው ባሌ ታሞ ከባቡር መውረዱን ስነግረው «የጠፋው ሰው ሙሉ ስም?» አለኝ። «ማርቆስ።» «የአባቱስ?» ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ ሰው ያጉረመርማል። «እቱ፣ የባልሽን አባት አታውቂውም?» ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ። አፍሬ ባፌ የመጣውን ተናገርኩ፤ የመጣው የራሴ አባት ስም ነበር። «ማርቆስ ሎምቤቦ» አልኩ። ዋናው ማርቆስ ነው፣ የአባት ስም ትርፍ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰውየው ወረቀት አገላበጠና የለም አለ። ናዝሬትም የለም አሉኝ። ወለንጪቲ ወርጄ ጠየቅኩ፤ ትንሽ ጣቢያ ነበረች፣ ኃላፊው በቁምጣ ሆኖ ጽጌረዳ ውሃ ያጠጣል፤ ውሃ ሰጥቶኝ የለም አለኝ። መተሐራም የለም። በየመስኮቱ ስሙ ተመሳሳይ ነው፣ ማርቆስ ሎምቤቦ። አምስተኛው መስኮት፣ አዋሽ ላይ ስደርስ ሳላመነታ እንደ እውነት አልኩት። ውሸት ሲደጋገም ምላስ ላይ ይለሰልሳል።

አዋሽ ትልቅ ጣቢያ ነበር። በግድግዳው ላይ ወይን ጠጅ አበባ ተንዠርግጓል፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈበት ቡፌ አለው። ከግቢው ማዶ ኖራ የተቀባ ክሊኒክ ይታያል፤ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ ቀጭን፣ ጢሙን የከረከመ ሰው ነበር። በወባ ታማሚዎች ዝርዝር ላይ ጣቱን ወደ ታች አወረደ። መጨረሻ ላይ ደረሰ። «የለም» አለኝ። «ገብቼ በዓይኔ ልይ ጌታዬ» ስለው፣ «ያለ ክሊኒኩ ወረቀት አይገባም። ስሙ የለም ማለት የለም ነው። ቀጥይ።» ማንበብ አልችልም ነበርና ዝርዝሩን ራሴ አላየሁትም። በቀትሩ ባቡር ተመለስኩ። ገንዘቤም ወኔዬም አልቋል። ባቡሩ ሲነሳ ያን ነጭ ክሊኒክ በመስኮት አየሁት፤ ለምን እንዳየሁት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። መጀመሪያ «ሞቷል» አሉ፤ ቀጥሎ አንዱ «ጅቡቲ ከሴት ጋር ታየ» ብሎ አወራ፤ ሰውም ሁለተኛውን ወደደው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ወሬው እኔ ጋ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። አመንኩት። ማመኑ ይቀላል፤ በሞተ ሰው ይለቀሳል፣ በከዳ ሰው ላይ ግን ተቆጥቶ መኖር ይቻላል። ልጄን በረከትን ወለድኩ፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ፤ ማታ ተምሬ እዚሁ ሆሳዕና አስተማሪ ሆንኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ለሰው ልጆች «ሙሉ ስማችሁን ጻፉ» ስል ኖርኩ። በረከትን ትምህርት ቤት ያስመዘገበው ግን አጎቱ ነው፤ የአያት ስም ይጠየቃላ። አማቴ ካረፈም በኋላ ሥርዓቱ ከአፌ አልወረደም። ማርቆስን ግን በስሙ ሳይሆን «ያ ከሃዲ» እያልኩ ነው ልጁን ያሳደግኩት። ልጁ ሲያጠፋ «አባትህን ወጣህ» እለው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እኔ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ያ ሐዲድ ከሸተተኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። በረከት ለሥራ ናዝሬት ሲሄድ «እኔንም ውሰደኝ፤ እነዚያን ጣቢያዎች ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት። «ምን ልታደርጊ? ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ» አለኝ፤ ግን ወሰደኝ። ሞጆ ጣቢያው ተቆልፏል፤ በመስኮቶቹ ላይ ቆርቆሮ ተመቷል፤ እኔ ያፈርኩባት መስኮት ሥር አንዲት ሴት ቲማቲም ትሸጣለች። አዲሱ ባቡር በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ከከተማ ርቆ፤ «እኛ ጭሱን እንኳ አናይም፣ ጭስም የለው» አለችኝ። ናዝሬት ጣቢያውን ባጃጅ ከቦታል። ወለንጪቲ አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ቀርቷል፤ ጽጌረዳ የለ፣ ኃላፊ የለ፤ መኪና ውስጥ ሆኜ ብርቱካን ልጬ እየበላሁ አየሁትና «እንሂድ» አልኩ። መተሐራ ሐይቁ ሰፍቶ የድሮውን መንገድ ገፍቶታል፤ ጣቢያው ውስጥ ሰዎች ምድጃ ጥደው፣ ልብስ አስጥተው ይኖራሉ። ማንንም ምንም አልጠየቅኩም። ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ ወይም ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው።

አዋሽ ላይ አበባው አሁንም አለ። ከሥሩ አግዳሚ ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ታቅፎ ተቀምጧል። በረከት ሰላም ብሎት ወሬ ጀመሩ። ጋሽ ኡስማን ይባላል፤ የባቡሩ ክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲበተን እሱ የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው ቀርቷል። ክሊኒኩ የት ደረሰ አልኩት፤ ጣራው ተነቅሎ ፍየል ይታሰርበታል አለኝ። ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ከሆሳዕና» አለው በረከት፣ «እናቴ ግን የከምባታ ሰው ናት።»

«ከምባታ!» አለ ሽማግሌው። «አንድ የከምባታ ሰው ታሞብኝ ነበር፤ ከአእምሮዬ አይወጣም። ወባ ነው። ከድሬዳዋ ባቡር ነው ያወረድነው። ለሚስቱ የገዛውን ቀሚስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ትራስ አድርጎት ይተኛል። ባቡር በመጣ ቁጥር ሰው ይጠይቀኛል ብሎ ይጠብቃል።» የባሌን ስም ከነአባቱ ጠራው፤ አንዲት ፊደል አልሳተም። በረከት ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«አንድ ቀን ከሰዓት ጸሐፊው ሻይ እየጠጣ፣ አንዲት እርጉዝ ማርቆስ የሚባል ስትፈልግ መጥታ መለስኳት አለኝ። እኛስ ጋ ማርቆስ አለ አይደል ወይ? ብዬ ስጠይቀው፣ የሷ ማርቆስ ሎምቤቦ ነው፣ አባቱ ሌላ ነው አለኝ። አመሻሽ ላይ መርፌ ልወጋው ስሄድ ለጨዋታ ያህል ነገርኩት። ብድግ ብሎ ቁጭ አለ። ሎምቤቦ የሚስቴ አባት ነው አለና ሳቀ። እንባው እየወረደ ይስቃል። በኛ አገር ሚስት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ የኔን አባት አክብራ ነው፣ መጥታልኛለች አለ። ተኛ፣ ነገ ሞጆ እናስደውላለን አልኩት። ትኩሳቱ እኮ እጅ ያቃጥላል! ኪኒን ላመጣ ዞር ስል የለም፤ ቀሚሱም የለም። ሲነሳ በነበረ የጭነት ባቡር ላይ ተንጠላጥሎ ሄዷል። በማግስቱ የወለንጪቲ ጣቢያ ሰዎች፣ ሬሳ አወረድን፣ የሚያውቀው አለ ወይ ብለው ደወሉ። ስሙን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እዚያው ከጣቢያው ጀርባ ቀበሩት። አገሩ ከምባታ ከማለት በቀር አናውቅ፤ ለማን እንጻፍ?»

ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ፣ ሰው በልቶ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቤቴ ውስጥ ከእኔ ጋር ኖሯል።

በረከት በቀጥታ ወደ ወለንጪቲ ነዳ። መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ከዚያች ግድግዳ ጀርባ ያለው ቦታ ታጥሯል፤ ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፣ ግማሹ ሽንኩርት ተተክሎበታል። አንድ ገበሬ ጠየቅን፤ እዚህ መቃብር ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የት ጋ እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው የለም አለን። በእኛ አገር ለሞተ ሰው ሲለቀስ ከነአባቱ እየተጠራ ነው። በረከት የሽንኩርቱ መደብ ጫፍ ላይ ቆሞ «ጥሪው» አለኝ።

«ልጄ...»

«አባቴን ስትሰድቢው ነው ያደግኩት። ሰው አባቱን ሲጠይቀኝ ከድቶን ነው የምለው። አሁን እዚህ ቆመሽ ጥሪው እማ። ከነአባቱ።»

አፌን ከፈትኩ። ማርቆስ አልኩ። ሁለተኛው ስም ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ልጄ ጠበቀኝ፣ ብዙ ጠበቀኝ፤ ፊቱ የአባቱ ፊት ነው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ መኪናው ሄደ፣ በሩን ዘጋው። ገበሬውም ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ማንም አይሰማኝም።

«ማርቆስ ሀንዳሞ» አልኩ።

ምላሴ አልተሰበረም፤ ሰማይም አልወደቀም። ደግሜ ጠራሁት። ይህን ያህል ቀላል ነበር።